አራት ብር ከሃምሳ

አሶሳ ውስጥ ዘፈን የምናገኘው በሚሞሪ ነው። ሞባይል ቤት ትገባላችሁ፣ ሚሞሪያችሁን ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ይሞላላችኋል። ዘፋኙ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እኔም ለዓመታት የሰማሁት እንደዚህ ነው፤ አላፍርበትም ብል ግን ውሸት ነው።

የሙዚቃና የፊልም አፖች ዋጋ ሲተምኑ ተፎካካሪያቸው ይሄ ልጅ ነው። ሥራው አንዴ ካለቀ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ማድረስ ከሞላ ጎደል ወጪ የለውም። ስለዚህ ዋጋው በአብዛኛው የሚወጣው ከወጪ ሳይሆን ከግምት ነው፦ ይሄ ሰው ስንት ይከፍላል? ዋጋ ማለት ኩባንያው ስለ ኪሳችን ያለው አስተያየት ነው።

ኔትፍሊክስ በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 130 አገሮች ሲገባ ለእኛ የተመነው በዶላር ነው። በ2015 ከ100 በሚበልጡ አገሮች ዋጋ ቀንሶ ግምቱን ከለሰ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ዶላሩ ባለበት ቆሞ በብር የምንከፍለው በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ለእኛ ብሎ ዋጋ የጨመረ ሰው የለም፤ ያሰበንም የለም።

አውታር ግን አስቦን ነበር። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ጓደኞቻቸው በ2011 ሲከፍቱት አንድ ዘፈን በ4 ብር ከ50፣ አልበም በ15 ብር ሸጡ፤ የሚከፈለውም በስልክ ሒሳብ ነበር። ቪዛ ካርድ የሌለው የአሶሳ ተማሪ ሳይቀር የሚገዛው ነገር ነው። ጉድለቱ፣ ለማውረድ ኢንተርኔት ፓኬጅ ያስፈልጋል፤ የሚሞሪው ልጅ ደግሞ ፓኬጅ አይጠይቅም።

ያም ሆኖ በዘፈን መሸጥ ከወርሃዊ ክፍያ የሚሻልበት ነገር አለ። እንደ ስፖቲፋይ ባሉት በተለመደው አሠራር ወርሃዊው ብር አንድ ቋት ይገባና በተደመጠው ልክ ይከፋፈላል። እኔ ወሩን ሙሉ የበርታ ሙዚቃ ብቻ ብሰማ እንኳ አብዛኛው ብሬ የሚሄደው ሚሊዮኖች ለሚሰሙት ዘፋኝ ነው። በርታዎች ዋዛ የሚባለውን ረጃጅም የቅል መለከት በቡድን ነው የሚነፉት፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ያዋጣና ዜማው ይሞላል። ከዚያ ቋት ለነሱ የሚደርሳቸውን ፍርፋሪ ደግሞ ለስንት ይካፈሉት?

በዘፈን ሲሸጥ ግን የከፈልኩት ብር የሚሄደው ወደሰማሁት ዘፈን ነው። ለጥሩ የዋዛ ቅጂ 4 ብር ከ50 አይደለም፣ 20 ብርም እከፍላለሁ። የሚሸጥልኝ እስኪመጣ ግን፣ ምን ላድርግ፣ ሚሞሪዬን ይዤ ሞባይል ቤት እሄዳለሁ።