ቀስቱን ማን ሳለው? (ስለ «አሥራ ሦስት ቀናት» እና ስለ ስለላ ፎቶግራፎች)

«አሥራ ሦስት ቀናት» ጸሐፊው ሮበርት ኬኔዲ ከተገደለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ትንሽ መጽሐፍ ነው። አንባቢው ሁሉ የሚያወራው ዓለም በኩባ ሰበብ ከኑክሌር ጦርነት ለጥቂት እንዴት እንዳመለጠች ነው። እኔን የያዘኝ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ያለ፣ ብዙዎቻችን ዘለነው የምናልፈው ቦታ ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1962 የስለላ ባለሙያዎች ዩ-2 አውሮፕላን ከኩባ ሰማይ ያነሣውን ፎቶግራፍ ዘርግተው «እዚህ ጋ የሚሳይል ሠፈር እየተሠራ ነው» ይላሉ። ጸሐፊው አተኩሮ ቢያይ የታየው ለእርሻ የተመነጠረ መሬት ወይም ለቤት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። የፕሬዚዳንቱ ወንድምና የፍትሕ ሚኒስትር እኮ ነው! ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ ሌሎቹም ከዚያ የተሻለ እንዳላዩ አይሸሽግም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዓይን አየ፣ የፈረደው ባለሙያው ነው።

ለዚህ ግልጽነቱ ጸሐፊውን አመሰግነዋለሁ። ቅር ያለኝ ያንን ካመነ በኋላ ነገሩን ትቶት መሄዱ ነው። ራሱ ማንበብ ያልቻለው ሥዕል በሳምንቱ ለዓለም ሲታይ እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል።

ፎቶግራፉን ከምሥጢርነት የማውጣቱ ጉዳይ በቀላሉ አላለቀም። አንድ ፎቶግራፍ ሲወጣ የተነሣው ቦታ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ የካሜራው አቅም አብሮ ይታያል። እርግጥ ዩ-2 ራሱ ሜይ 1 ቀን 1960 ሶቪየት ምድር ላይ ተመትቶ ከወደቀ ወዲህ ምሥጢርነቱ ቀርቷል። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ጋዜጦች ነገሩን ተጠራጠሩት። አምባሳደሩ ኦርምስቢ-ጎር ለፕሬዚዳንቱ ይህንኑ ነገሩት፤ ከዚያም ሁለቱ ተቀምጠው ተራ ሰው ሊገባው የሚችለው የትኛው ሥዕል እንደሆነ መረጡ። እንግዲህ ድርሰቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። መረጣው፣ በላዩ የተሳለው ቀስት፣ ከቀስቱ ጫፍ የተጻፈው ቃል፣ ይኼ ሁሉ የደራሲ ሥራ ነው። ሐያሲ ደግሞ ደራሲውን መጠየቅ አለበት።

ኦክቶበር 25 ቀን ስቲቨንሰን ሥዕሎቹን በጸጥታው ምክር ቤት አቁሞ የሶቪየቱን ዞሪንን አፋጠጠ። ዞሪን ግን ያለፈውን ዓመት አነሣበት። በኤፕሪል 1961 ይኸው ስቲቨንሰን የኩባ አየር ኃይል ምልክት ያለበትን አውሮፕላን ፎቶግራፍ አሳይቶ፣ ካስትሮን የከዱ አብራሪዎች ያመጡት ነው ብሎ ነበር። አውሮፕላኑን ቀለም ቀብቶ የላከው ሲ.አይ.ኤ. ኖሯል፤ ስቲቨንሰንም ራሱ ተታሎ ነው። በ1962 ሚሳይሎቹ በእርግጥ ነበሩ፤ ክሩስቾቭም ኦክቶበር 28 ሊያነሣቸው ተስማማ። በዚያን ዓመት የምክር ቤቱ አባል የነበሩት የጋና እና የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ሰዎች ግን አንደኛውን ሥዕል ከሌላው በምን ይለዩት? አውሮፕላን የላቸው፣ ባለሙያ የላቸው።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003፣ እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አንጎላ፣ ካሜሩንና ጊኒ ተቀምጠው ነበር። ኮሊን ፓወል ታጂ የተባለውን የኢራቅ የጥይት መጋዘን ከሳተላይት አሳየ። አራቱ ግምጃ ቤቶች በቀይ ተከበዋል፤ አጠገባቸው ያለው መኪና የኬሚካል ማጽጃ ነው ተባለ። ሥዕሎቹ ለተራ ሰው ቀርቶ ለእርሱም እንደሚከብዱት ፓወል አልደበቀም፤ ልክ እንደ ኬኔዲ! ፌብሩዋሪ 14 ቀን የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ሃንስ ብሊክስ ሁለቱ ሥዕሎች በሳምንታት ልዩነት የተነሡ መሆናቸውን፣ የታየውም የዘወትር ሥራ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ማን ሰማው? በመጋቢት ጦርነቱ ተጀመረ። የተባለው የጦር መሣሪያ ክምችት አልተገኘም።

ይህን በመኝታ ክፍላችን ስንከራከር አንዱ ጓደኛዬ «የስለላ ሥዕል ለፖለቲካ ፈጽሞ አይውጣ» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ሁሉም ይውጣ»። ከሁለቱም አልተስማማሁም። መንግሥት ሕዝብን ወደ ጦርነት ሊጠራ ከሆነ ማስረጃውን ማሳየት አለበት። ካሳየ ግን የመረጠውን አንድ ገጽ አይደለም። ከፊቱና ከኋላው የተነሡትን፣ ቀስት ያልተሳለበትን ቅጂ፣ ባለሙያው የተጠራጠረውንም ጭምር ያውጣ፤ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያይ ሌላ ዓይንም ይፍቀድ። ዋጋው ቀላል ነው አልልም። ኦክቶበር 27 ቀን ሻለቃ ሩዶልፍ አንደርሰን ኩባ ላይ ተመትቶ ሞቷል፤ ፎቶግራፍ ሊያነሣ በወጣበት። የአንድን አብራሪ መንገድ የሚያጋልጥ ሥዕል ቢቆይ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን በዚያ ሥዕል ክርክር ለመርታት አይሞከር። ክሊንተን በ1995 ባወጣው ትእዛዝ ከ1960 እስከ 1972 በሳተላይት የተነሡ ከ860,000 በላይ ሥዕሎች ከምሥጢርነት ወጥተዋል፤ ዛሬ የጥንት ከተማ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ይጠቀሙባቸዋል። ለክርክር ሲፈለግ ጥቂት፣ ክርክሩ ካለፈ በኋላ ስምንት መቶ ስልሳ ሺህ!

ይህ መጽሔት የሚባዛበት ስቴንስል ፎቶግራፍ አይቀበልም፤ ስለዚህ እናንተም ለጊዜው የኔን ቃል ልታምኑ ነው። የኩባዎቹ ሥዕሎች በየታሪክ መጽሐፉ አሉ። ስታገኟቸው ጽሑፉንና ቀስቱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እዩዋቸው። እኔ ሞክሬው የታየኝ መንገድና ድንኳን ነው።