መድገም፣ መመለስና መድረስ፤ በአርሲ ደጋ ስለሚነገሩ የጊዜ ቃላት

የአንድን ሕዝብ የጊዜ አስተሳሰብ የሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ ከበዓሉና ከሥርዐቱ ይጀምራሉ፤ በዓሉ የሚነገርበትን ግስ ግን እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በአካባቢዋ ደጋ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፣ ከዚህ ቸልታ የሚመጣው ስሕተት በዚያ ጎልቶ ይታያል። ስሕተቱም በየጊዜው የሚመጣውን ነገር ሁሉ «ይደገማል» ብሎ መተርጐም ነው።

በአማርኛ «ደገመ» የሰውን ሥራ የሚያመለክት ግስ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ያንኑ መዝሙር ቃሉን ሳይለውጥ ያነባል፤ «ድግምት»ም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። «ተመለሰ» ግን አስቀድሞ የተተወ ስፍራ መኖሩን ያስታውሳል። ከመመለስ «መልስ» እንደ ወጣ ሁሉ፣ በኦሮምኛም «ዴቢኡ» መመለስ ሲሆን «ዴቢ» የጥያቄ መልስ ነው። ኦሮምኛ መድገምን ሲገልጽ ብዙ ጊዜ «ኢረ ዴቢኡ» ይላል፤ ይኸውም በላዩ መመለስ ማለት ነው። ድርጊቱ ሲበዛ አማርኛ የግሱን መካከል አጥፎ «ደጋገመ»፣ «ተመላለሰ» ሲል፣ ኦሮምኛ መነሻውን አጥፎ «ደዴቢኡ» ይላል።

ነገሩ ወደ በዓል ሲመጣ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች እነዚህን ግሶች ይተዋሉ። አማርኛ ተናጋሪው «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው «በገ ነጋን ጌሰን» ይላል፤ ትርጕሙም «እንኳን በሰላም ደረሳችሁ» ነው። በሁለቱም አነጋገር በዓሉ እንደ ወንዝ መሻገሪያ በስፍራው ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጓዘው ሰው ነው። «ዐውደ ዓመት» ክበብን ቢያመለክትም፣ ምርቃቱ «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ነው እንጂ «ዓመቱን ይድገምላችሁ» አይደለም።

ይህ ልዩነት ስለ ገዳ ሲጻፍ ከባድ ይሆናል። በገዳ ሥርዐት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ አምስቱ ምድቦች በየተራቸው ከገዙ በኋላ ከ40 ዓመት በፊት ለነበረው ምድብ ተራው ይደርሰዋል። ይሁን እንጂ ሥልጣኑን የሚረከቡት ልጆች ናቸው እንጂ አባቶቻቸው አይደሉም። ስለዚህ ነገሩን «ድግግሞሽ» ማለት ትውልዱን መሰረዝ ነው። «ዑደት» የተሻለ ቃል ነው፤ ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ሕንጻው ይቆማል፣ ተሸካሚዎቹ ይሄዳሉና።

ሚርቻ ኤሊያዴ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዘላለማዊ መመለስ ጥናቱ፣ የጥንት ሰው የመጀመሪያውን ዘመን ሥራ በሥርዐት እየደገመ ከታሪክ እንደሚሸሽ ተከራክሯል። ይህ አሳብ ለአንዳንድ ሥርዐቶች ቢስማማም፣ በአርሲ ላይ እንዳለ ቢጫን ሕዝቡን ታሪክ የሌለው ያስመስለዋል። ከ1882 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የምኒልክ ዘመቻ፣ ከዚያም የገዳ ሥልጣን መዳከምና የእስልምና መስፋፋት የማንኛውም ዙር ድጋሚ አልነበሩም።

ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ቦረና ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ያለፈው ዘመን ዕጣ በኋለኛው ላይ ጥላውን እንደሚጥል የሚታመን መሆኑን አሳይተዋል። በመጀመሪያ ግን የቦረናን ነገር ለአርሲ ማዋል ጥንቃቄ ይሻል፤ ባክስተርም በ1978 እ.ኤ.አ. ገዳን እንቆቅልሽ ነው ወይስ መውጫው የጠፋ መንገድ ብሎ መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛም፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጥላ ውርስ ነው፤ ወራሽም የተረከበውን ሊያሻሽል ወይም ሊያባክን ይችላል።

«እንደገና» የሚለው የዘወትር ቃል እንኳ ሲፈታ «እንደ ገና» ነው፤ ነገሩ አስቀድሞ እንዳልሆነ፣ ገና እንደሚጀመር ማለት ነው። እንግዲህ የአርሲን ደጋ ሕዝብ ዘመን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «ይደገማል» ከማለቱ በፊት «ለማን ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።