ሆርቲካልቸር ማለት ጽጌረዳ ብቻ ነው እንዴ?

«የሆርቲካልቸር ሰብሎች ለአገራችን ግብርና ያላቸውን ጠቀሜታ ግለጹ።» ይህችን ጥያቄ ፈተና ላይ ያላገኘ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። መልሷም ያው የተለመደው ነው፦ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛሉ፣ የሥራ ዕድል ይፈጥራሉ፣ ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። አሁን ወረቀቱን የማርመው እኔ ስሆን ግን መልሱ ቅር ይለኝ ጀምሯል። ውሸት ሆኖ አይደለም፤ መመዘኛው ነው የከነከነኝ።

እስቲ ከጽጌረዳ እንጀምር። ምሳሌ ጥቀሱ ሲባል ቀድማ የምትጻፈው እሷ ናትና። ኢትዮጵያ በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ትጠቀሳለች። በዝዋይ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት እርሻዎች ብዙ ሺህ ሰው ይሠራል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አበባው ከተቆረጠ በኋላ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይበራል።

ይህ ሁሉ ቅዝቃዜ ለምን አስፈለገ? የተቆረጠ አበባ ስላልሞተ ነው። ይተነፍሳል፤ ያጠራቀመውን ስኳር በኦክስጅን እያቃጠለ ሙቀት፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በዙሪያው ያለው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ትንፋሹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ስንቁን በቶሎ ጨረሰ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከመቂ የተለቀመውን ቲማቲም አስቡት። ባዮሎጂው ያው ነው፤ እሱም ይተነፍሳል። ነገር ግን በእንጨት ሳጥን ታጭቆ፣ ክፍት አይሱዙ ላይ ተደራርቦ፣ ፀሐይ እየመታው ነው አዲስ አበባ የሚገባው። ከታች ያለው ይጨፈለቃል። የቆሰለው ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቅቃል፣ ጋዙ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ፍሬ ያቻኩለዋል። ምርት ሲትረፈረፍ ገበሬው ማሳው ላይ ጥሎት የሚሄደው፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ዋጋው እሳት የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ማቆያ የለም።

«እንግዲያው የአበባውን ፍሪጅ ለቲማቲሙ እንስጠው» የምትሉ ካላችሁ፣ ቆዩ። ጽጌረዳ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይስማማታል፤ ቲማቲም ግን ከ10 ዲግሪ በታች ለቀናት ከቆየ ይታመማል፣ ጣዕሙ ይጠፋል፣ በደንብ ሳይቀላ ይበሰብሳል። የሚፈልገው መለስተኛ ቅዝቃዜ ነው። አያቶቻችን የእንስራ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቁ ነበር፤ በሸክላው የሚያዠው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእርጥብ ከሰል ወይም በጡብና በእርጥብ አሸዋ የሚሠራ ማቆያ በዚሁ መንገድ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር። ፍሪጅን አይተካም፤ ጥቂት ቀን ይገዛል። ለገበሬው ደግሞ ጥቂት ቀን ማለት ከደላላ ጋር ለመከራከር ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ይህ በየትኛው የፈተና መልስ ላይ ተጽፎ አያችሁ?

ከጽጌረዳዋ ጀርባ የተረሳ ሌላም አለ፤ እንሰት። ቆጮና ቡላ የሚሰጠን፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ተክል ነው። ወደ ውጭ የማይላክ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ምሳሌ አድርጎ የጻፈልኝ ተማሪ እምብዛም የለም። እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁት። በ1974 እዚሁ ኢትዮጵያ ሙዝ ላይ መታየቱ ተመዘገበ። በ2001 ዩጋንዳ ሙዝ ላይ ሲገኝ ግን ዓለም ተንጫጫ። እንሰቱ ግን ከዚያ በፊት ከ30 ዓመት በላይ፣ በገበሬው ጓሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲጠወልግ ነበር።