ከግድግዳው ወዲያ ስለሚሄደው ገመድ፤ በድምፅና በምስል መሣሪያ ንድፎች ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

የድምፅና የምስል መሣሪያዎችን ንድፍ በኮምፒዩተር የሚያዘጋጁ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ ላለው ነገር እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ ገመዱ ከግድግዳው አልፎ ወደ ሌላ ሰው ይዞታ ሲደርስ ግን እጃቸው ይሰንፋል። በገመዱ ጫፍ ላይ አንዲት ቀስት ይስሉና «ወደ ውጭ» ብለው ይጽፋሉ። በዚህ ጽሑፍ ለመንቀፍ ያሰብሁት ይህችን ቀስት ነው።

ነገሩ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከሶፍትዌሩም ጠባይ የመጣ ነው። ለምሳሌ በቬክተርወርክስ ውስጥ የሚሠራው ኮኔክትካድ እያንዳንዱን መሣሪያ ከነሶኬቶቹ ያሳያል፤ መስመርም የሚሰመረው ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ሶኬት ነው። ሁለቱ ጫፎች ሲታወቁ መስመሩ ቁጥር ያገኛል፤ በገመድ ዝርዝርም ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አንዱ ጫፍ የእኛ ሆኖ ሁለተኛው ገና ያልመጣ እንግዳ ቢሆን ምን ይደረግ? ነዳፊው በቀስት ይገላገላል። ተራ የሥዕል ቀስት ግን በዝርዝሩ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረውንም ገመድ ገዢ አይገዛውም፣ ሠራተኛም አይዘረጋውም።

ጉዳቱን በአንድ የምረቃ በዓል ላይ አይቻለሁ። ንድፉ ያማረ ነበር፤ የሚቀርጹት ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ድምፁን ከግድግዳው ሶኬት ለመውሰድ ሲመጡ ግን ሶኬቱ ሴቴ ኤክስኤልአር ሆኖ ተገኘ። ድምፅ የሚወጣበት ሶኬት ወንዴ መሆን ይገባዋል፤ የእነርሱ ገመድ ቢገለበጥም በመኪናው በኩል ሴቴ ከሴቴ ይገጥማል እንጂ መፍትሔ የለውም። መለወጫ ተፈልጎ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ የተሰነጣጠቀ ሆነ፤ ምክንያቱም ከሚክሰሩ የሚወጣው 1.2 ቮልት ያህል ሲሆን መኪናው የተዘጋጀው ጥቂት ሚሊቮልት ለሚሰጥ ማይክሮፎን ነበር። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ወላጆችን ወክለው የተናገሩት ሽማግሌ ምርቃታቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል። የቀረው ከኋላ የቆመው ካሜራ በራሱ ማይክሮፎን የያዘው የወንበር ንቅናቄና የሕፃናት ለቅሶ ነው።

አንዳንዶች «የሌላውን ሰው ዕቃ የመንደፍ ኃላፊነት የለብንም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ወሰኑን ማመልከት ግን የእኛ ነው። የእርሻ ድንበር በአንድ ወገን ብቻ ቢታወቅ ጎረቤቶች መጣላታቸው አይቀርም።

ሌሎች ደግሞ ከገጹ ዳር «የእንግዳ መኪና» የሚል ባዶ ሳጥን ስለው መስመሩን ከእርሱ ጋር ያገናኙታል። ይህ ከቀስቷ ይሻላል፤ ቢያንስ ገመዱ ቁጥር ያገኛል። ነገር ግን ሳጥኑ በመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ እንደሚገዛ ዕቃ ሆኖ እንዳይወጣ ካልተጠነቀቁ ዋጋ ሲጠየቅበት ይገኛል። ከዚያም በላይ የማናውቀውን ዕቃ እንደምናውቅ አድርጎ ያቀርባል።

እኔ የምደግፈው ራሱን የግድግዳውን ሰሌዳ እንደ መሣሪያ መንደፍን ነው። ሰሌዳው በውስጥ በኩል የእኛን ገመድ ይቀበላል፤ በውጭ በኩል ያለው ሶኬት ደግሞ ወንዴ ወይም ሴቴ መሆኑ፣ የድምፁ መጠን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ገመድ የማን እንደ ሆነ ተጽፎበት ይቆያል። እንግዳው ሳይመጣም ንድፉ ሐሰት አይናገርም።

በዚሁ ሰሌዳ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመሬት መስመር ነው። የአዳራሹና የመኪናው የኤሌክትሪክ ምንጭ የተለያየ ሲሆን በገመዱ መሸፈኛ በኩል ጅረት ሊያልፍና በ50 ኸርዝ የሚያጉረመርም ድምፅ ሊፈጠር ይችላል። መለያ ትራንስፎርመር ከሰሌዳው ኋላ ቢገባ ይህ ይወገዳል። ቀስት በተሳለበት ንድፍ ላይ ግን ትራንስፎርመሩ የሚቀመጥበት ስፍራ የለውም፤ ስለዚህ የሚያስታውሰውም አይገኝም።