ዘፈንን እንደ ታሪክ ምስክር ስለ መመርመር

የዘመናችንን ዘፈን የሚተቹ ጓደኞቻችን በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን፥ ዘፈን ለመዝናኛ ብቻ ስለ ሆነ ታሪክ አይፈለግበትም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ቅኔ ተማሪ ከእያንዳንዱ የፍቅር ዘፈን የፖለቲካ ወርቅ ካላወጣ አያርፍም። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱ አይመስለኝም።

ስለ ጥላሁን ገሠሠ የሚባለውን እንመልከት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ታስሮ ነበር። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች የፍቅር ዘፈኖቹን በንጉሡ ላይ የተሰነዘሩ አድርገው ይተረጉሟቸዋል። ነገር ግን ጥላሁን የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ባልደረባ ነበር፤ ሙከራውን የመሩትም የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። ስለዚህ መታሰሩ ብቻውን ለዘፈኑ ትርጉም ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የሚገኘው በአስኮ አልፎ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ነው። የአምቦው ተወላጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጅራ» የተባለውን የኦሮምኛ ዘፈን በ2007 ዓ.ም. አወጣ። ላይ ላዩን የተለያዩ ፍቅረኞች እንጉርጉሮ ነው፤ ውስጡ ግን ከመሬት ስለ መነቀል ይናገራል፤ የአስኮ ጎረቤት የሆነችውን የጉለሌንም ስም በግልጽ ያነሣል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዚያው መንገድ በምትገኘው በጊንጪ ተቃውሞ ተነሥቶ ተስፋፋ፤ ዋና ምክንያቱም አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚመለከተው ማስተር ፕላን ነበር። ዘፈኑ የተቃዋሚዎቹ መዝሙር ሆነ፤ ዕቅዱም በጥር ተሠረዘ። በዚህ ዘፈን ጊዜው፥ የቦታው ስምና ያነሡት ሰዎች በአንድነት ይመሰክራሉ። ትርጉሙን ተርጓሚው ከራሱ አላመጣውም።

ሆኖም ይህ ዘፈን በአስኮ ታክሲ ውስጥ ሲሰማ ኦሮምኛ የሚያውቀው ተሳፋሪ የመሬትን ነገር ይሰማል፤ አጠገቡ የተቀመጠው አማርኛ ብቻ ተናጋሪ ግን ዜማውን አድንቆ ይወርዳል። ሰሙን ያልሰማ ሰው ወርቁን ከወዴት ያገኛል? ሃጫሉ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ጊዜ፥ ኀዘኑ ለአንዱ ጎረቤት የቤቱ ኀዘን፥ ለሌላው ግን ምክንያቱ ያልገባው እንግዳ ነገር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ዘፈን የሚመረምር ተማሪ፥ ወርቅ ከመፈለጉ በፊት መቼ ተዘፈነ፥ የትኛውን ቦታ ጠራ፥ ማን አነሣው ብሎ ይጠይቅ። ከሁሉም አስቀድሞ ግን የጎረቤቱን ቋንቋ ይማር።