ደንገጎ የፍሬን መፈተኛ አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ የፍሬን ሥራውን ማስመስከር የፈለገ መካኒክ አንድ ዋስ ይጠራል፤ «አቦ፣ ደንገጎን አውርጄዋለሁ!» ባለመኪናው በዚህ ይረካል። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ይደነግጣል፤ ያልተረጋገጠ ፍሬን ይዞ ዳገቱን የወጣ ሰው፣ ቁልቁለቱን የወረደው በዕድል ነውና።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ 2,000 ሜትር አካባቢ ያደርሳል። በመልሱ የብዙ ሰው እግር ከፍሬን አይነሳም። ሸራው ይግላል፣ ግለቱም ወደ ዘይቱ ይገባል። አዲስ ዶት 3 ፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ 4 በመቶ ያህል ውሃ ሲቀላቀልበት ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ፍሬን በጠሰ የምንለው አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ስለ ፍሬን ጥገና መራጭ መሆን ቅንጦት አይደለም።

አቧራ የሚያነብ ዓይን

ዘይት ጎድሏል ብለው ጋራዥ ሲገቡ ጠርሙስ አንስቶ የሚሞላ ሰው ገና ምንም አልሠራም። ጥሩው መካኒክ መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል? አየር ገብቷል ማለት ነው። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ይሰምጣል? ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ ባይታይም የፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ደክሞ ሊሆን ይችላል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል? የአንዱ እግር ሸራ ዘይት ጠጥቶ ይሆናል።

የዘይት መጉደል ሁሉ መፍሰስ አለመሆኑንም ያውቃል። ፓድ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘይቱም ተከትሎት ስለሚወርድ የማጠራቀሚያው ልክ ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ የሞላ ሰው፣ አዲስ ፓድ በገባ ቀን ዘይቱ ገንፍሎ ቀለም ሲልጥ ያያል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ሌላ ማደናገሪያ አለ፤ መኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ብዙ ጊዜ የኤሲ ውሃ ነው። ጥሩ መካኒክ በጣቱ ነክቶ ይለያል፦ ፍሬን ዘይት ያሟልጫል፣ ትኩስ ከሆነ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከውሃ ጋርም ይዋሃዳል። የሞተር ዘይት ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

ከዚያ ጎማ ያወልቃል፤ አንዱን ብቻ ሳይሆን አራቱንም። የድሬ አቧራ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ ዘይት ያወዛበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ጭቃ ይይዛል። መካኒኩ የጎማውን የውስጥ ገጽ፣ ተጣጣፊውን ቱቦ፣ የብረቱን ቱቦ ዝገት፣ ማስተሩ ከሰርቮው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በየተራ ያያል። ታምቡሩ ሲወልቅ የዊል ሲሊንደሩን የጎማ ኮፍያ በጣቱ ገለጥ ካደረገ የባለሙያ እጅ አግኝተዋል፤ ብዙ ጊዜ መፍሰስ የሚጀምረው እዚያ ተደብቆ ነውና።

ማዳን የሚቆምበት ቦታ

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የተጀመረው የጥገና ባህል፣ ፔጆ 404 ታክሲዎችን ለአሥርት ዓመታት በሥራ ላይ አቆይቷል። ሌላው የሚጥለውን የማዳን ኩራት ከዚያ የመጣ ነው። የፍሬን መካኒክ ትልቅነት ግን ይህን ኩራት የት ላይ መግታት እንዳለበት ማወቁ ነው።

ምሳሌው ዊል ሲሊንደሩ ነው። ጎሚኒ ብቻ መቀየር ርካሽ ነው፤ ሊበቃም ይችላል። ጥሩው መካኒክ ግን አስቀድሞ የሲሊንደሩን ውስጥ ጠርጎ ወደ ብርሃን ይዞ ያያል፣ በጥፍሩም ይዳስሳል። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒው ይቀየራል። ዝገት ከቦረቦረው ግን አዲሱም ጎሚኒ ሳይቆይ ያወዛል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ሙሉ ሲሊንደር ነው። ዘይት የጠጣ ሸራም በቤንዚን ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አይመለስም፤ ከግራም ከቀኝም አብሮ ይቀየራል። ከሁሉ የከፋው የሚያፈሰውን እግር ቱቦ ቀጥቅጦ ዘግቶ «አሁን አያፈስም» የሚለው ነው። እውነቱን ነው፣ አያፈስም፤ መኪናው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሦስት እግር ነው የሚቆመው።

የእጅ ንጽሕናንም ልብ ይበሉ። የፍሬን ጎሚኒ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ከታጠበ ያብጣል፤ ስለዚህ የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱም ፊትዎ ከሚከፈት እሽግ ጠርሙስ ይምጣ። መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ላልቶ የከረመ ጠርሙስ እርጥበት ሲጠጣ ኖሯል።

«ርገጥ! ያዝ!»

አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ጎማው ሥር። ጥሩ ጋራዥ ውስጥ ከመተንፈሻው ቡሎን የሚወጣ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ጫፉ ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ተነክሯል፤ አረፋው ሲወጣ እርስዎም ያያሉ። «ርገጥ! ያዝ!» ይባላል፤ ቡሎኑ ሳይጠብቅ እግር አይነሳም፣ ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። በመሃል ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ ይሞላል። ከሃይላንዱ የተጠራቀመው ዘይት ተመልሶ ወደ መኪናው ከተገለበጠ የቀረውን ሥራም ይጠርጥሩ።

ፈተናው የሚጀምረው እዚያው ቆሞ ነው። ሞተር ተነስቶ ፔዳሉ ጠንከር ተደርጎ ይረገጣል፤ ለአንድ ደቂቃ ሲያዝ መስመጥ የለበትም። ሞተሩ ጠፍቶ የተረገጠ ፔዳል፣ ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢቆም አይደንግጡ፤ ሰርቮው እየሠራ ነው። ከዚያ ለጥ ባለ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዱ መያዝ፣ ተመልሶም መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይቀራል። ጥሩ መካኒክ የወጣውን ዕቃ ሳይጠየቅ ያሳያል፤ የተቦረቦረውን ሲሊንደር አይቶ ሂሳብ የሚከፍል ሰው አይከራከርም።

የመጨረሻው ዳኛ ቤትዎ ነው። ማታ በአራቱም ጎማዎችና በማስተሩ ትክክል ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ፣ ፔዳሉም ትናንት ባለበት ከፍታ ጠንካራ ከሆነ፣ ቤተሰቡን ጭነው ሐረር ይውጡ። ሲመለሱም ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ዝቅ ያድርጉ። ደንገጎ ያን ቀን ስለ ፍሬንዎ የሚነግርዎ አዲስ ነገር አይኖረውም።