«ተመላሽ»፣ «ቅናሽ»፣ «ጥገኛ»፦ በግብር ማሳወቂያ ወቅት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ያለፈውን ዓመት ገቢያቸውን ለመንግሥት የሚያሳውቁበት ወቅት ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚገኙባቸው ከተሞች ስለ ግብር አሞላል የሚያስረዱ አጫጭር የትርጉም ጽሑፎች በየማኅበሩ፣ በየአምልኮው ስፍራና በየመደብሩ ይታደላሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በእጃችን ስለ ገቡ ከስያሜ አንጻር መረመርናቸው። አዘጋጆቹን በስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ጉድለቶቹ የብዙ ተርጓሚዎች የጋራ ጉድለቶች ናቸውና። ስያሜ ያልተወሰነለትን ጽንሰ ሐሳብ ለተርጓሚ ትቶ ተርጓሚውን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በልብ ወለድ ትርጉም የአንድ ቃል ስሕተት የአንባቢን ደስታ ቢቀንስ ነው፤ በግብር ጽሑፍ የሚፈጸም ስሕተት ግን ለአንድ ቤተሰብ የሚገባውን የብዙ ወራት የቤት ኪራይ ሊያስቀር ይችላል።

በመጀመሪያ መልካሙን ጎን እንጥቀስ። የቅጾች መለያዎች፣ ማለትም አሠሪ ለሠራተኛው እስከ ጃንዋሪ 31 ሊሰጠው የሚገባው «ደብልዩ-2»፣ እንዲሁም ገቢ የሚገለጽበት ዋናው «ቅጽ 1040»፣ ሳይተረጐሙ እንዳሉ መቀመጣቸው ተገቢ ነው። አንባቢው በአማርኛ ያነበበውን በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ፈልጎ ማግኘት አለበትና።

ወደ ጉድለቶቹ ስንመጣ፣ አንደኛው የወገንና የዐይነት መደባለቅ ነው። «ግብር» ከግእዙ «ገብረ» የወጣ ሲሆን ሥራን፣ ግብዣንና ለገዥ የሚከፈልን ዕዳ ሲያመለክት ኖሯል፤ «ገባር»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። «ታክስ» በበኩሉ ባዕድ ቃል ቢሆንም በሕግ ጽሑፎቻችን ቦታውን ይዟል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በርእሶቻቸው ሲነጻጸሩ፣ «ታክስ» ጠቅላላውን ወገን፣ «ግብር» ደግሞ ከገቢ ላይ የሚከፈለውን ዐይነት እንዲሰይም መደረጉን እንረዳለን። «የተጨማሪ እሴት ታክስ» የሚለው አጠራርም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የመረመርናቸው ጽሑፎች ግን በአንድ ገጽ ላይ «የገቢ ግብር»፣ «የገቢ ታክስ» እና «የገቢ ቀረጥ» እያሉ አንዱን ነገር በሦስት ስም ይጠሩታል። ቀረጥ በዛሬው ልማድ ከጉምሩክ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ከዚህ ቦታ መውጣት አለበት። አንባቢ ሦስት ስም ሲያይ ሦስት ዕዳ እንዳለበት ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው «ተመላሽ» በሚለው ቃል ላይ የደረሰው ነው። እንግሊዝኛው «ታክስ ሪተርን» የሚለው ግብር ከፋዩ ሞልቶ የሚያቀርበውን ወረቀት ነው፤ «ሪፈንድ» የሚለው ደግሞ መንግሥት በትርፍ የተከፈለውን ገንዘብ መልሶ መስጠቱን ነው። ሁለቱም በቃል ለቃል ትርጉም «ተመላሽ» ሆነዋል። እንግዲህ «የታክስ ተመላሽዎን እስከ ኤፕሪል 15 ያስገቡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ምን ይገባናል? በአማርኛ «ተመላሽ» የሚመጣ ገንዘብ እንጂ የሚገባ ወረቀት አይደለም። ስለዚህ የሚመለስለት ገንዘብ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ትእዛዙ እርሱን እንደማይመለከት ቢገምት ስሕተቱ የእርሱ አይሆንም። ሕጉ ግን ዕዳ እያለበት ሳያሳውቅ በቀረ ሰው ላይ፣ ባልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ እየታሰበ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት ይጥላል።

የሚገርመው መፍትሔው በእጃችን መኖሩ ነው። በአገር ቤት ነጋዴው «ግብሬን አሳውቄ ከፈልሁ» ይላል። በሕግ ጽሑፍ «ማስታወቂያ» የሚለው ቢገኝም፣ ይህ ቃል ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ሰውየው የሚመጣውንም ወረቀት ስለሚጠራ አቅጣጫው ይምታታል። «የግብር ማሳወቂያ» ቢባል ግን የሚያሳውቀው ግብር ከፋዩ መሆኑ ይታወቃል። ዛሬ በስልክ ላይ ብቅ የሚለው መልእክትም «ማሳወቂያ» እየተባለ መጥቷል፤ ሆኖም «የግብር» የሚለው ሲቀድመው አያሳስትም። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ራሳቸው «ታክስ አሠራሁ» እንደሚሉ እናውቃለን። ይህ አነጋገር ሕያው ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ከነኃላፊነቱ ለሠራተኛው የሰጠ ያስመስላል። ማሳወቂያውን ሌላ ሰው ቢሞላውም ለእውነተኛነቱ የሚጠየቀው የፈረመበት ባለ ገቢ ነው። ስለዚህ በንግግር ይኑር እንላለን፤ በመመሪያ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ሦስተኛው ጉድለት «ቀነሰ» በሚለው ግስ ላይ የተጫነው ሸክም ነው። ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ የሚያዘው ግብር «ተቀናሽ» ተብሏል፤ ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ የሚነሣው ሒሳብም «ተቀናሽ» ነው፤ ከተሰላ በኋላ ከግብሩ ላይ የሚነሣው ደግሞ «የታክስ ቅናሽ» ሆኗል። ሦስቱ በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የባለ ገቢው ገንዘብ በአደራ መያዙ ነው። ሁለተኛው ግብሩ የሚሰላበትን ገቢ ያሳንሳል። ሦስተኛው ግብሩን ራሱን ያሳንሳል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይጐላል፦ ገቢው በ12 በመቶ ምጣኔ ውስጥ ለሚወድቅ ሰው ከገቢው 1,000 ዶላር ቢነሣለት የሚድነው ግብር 120 ዶላር ነው፤ ከግብሩ ላይ 1,000 ዶላር ቢነሣለት ግን የሚድነው 1,000 ዶላር ሙሉውን ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ መመሪያ ከ120 እስከ 1,000 ያለውን ርቀት ሰርዞታል ማለት ነው።

ለመጀመሪያው «ተቀንሶ የተያዘ ግብር» የሚለው በአገራችን የሕግ አነጋገር የታወቀ ነው፤ ይጽና። ለሁለተኛው «ከገቢ ተቀናሽ» ይበቃል፤ «ከገቢ» የሚለው ግን ፈጽሞ መጣል የለበትም። አስቸጋሪው ሦስተኛው፣ እንግሊዝኛው «ክሬዲት» የሚለው ነው። አንዳንዶቹ ጽሑፎች «የታክስ ክሬዲት» ብለው ትተውታል። «ክሬዲት» ግን በአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ ዱቤና ብድር ነው፤ የባንክ ካርድ ያመጣው ስሜት ነው። መንግሥት «ክሬዲት» ይሰጣል ሲባል ነገ ከነወለዱ ይጠይቀኛል ብሎ የሚሸሽ ሰው ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። አንድ ጽሑፍ «የግብር ድጎማ» ብሎታል፤ ይህም መብትን ምጽዋት ያስመስላል። «የግብር እፎይታ» ያለውም አለ፤ እፎይታ በአገር ቤት የግብር መክፈያን ዘመን ማራቅ ወይም ማንሣት ስለሆነ ቦታው ተይዟል።

እኛ «የግብር ማካካሻ» የሚለውን እናቀርባለን። ድክመቱን አንሸሽግም፤ «ካሰ» የጉዳት ዋጋን ያስታውሳል። ነገር ግን «ማካካስ» በሒሳብ አነጋገር አንዱን በሌላው ማጣጣት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ለግሱ ደግሞ ሕዝቡ የሰጠን አለ፦ «ይታሰብልኝ»። ገዢ አስቀድሞ የከፈለውን ከሒሳቡ ላይ ሲያስነሣ «ይታሰብልኝ» ይላል። «ማካካሻው በግብሩ ላይ ይታሰብልዎታል» ቢባል ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ጽንሰ ሐሳቡ ለአገራችን ሕግም እንግዳ አይደለም፤ በውጭ አገር የተከፈለ ግብር በአገር ውስጡ ላይ የሚታሰብበት ሥርዓት በ2008ቱ አዋጅ ውስጥ ይገኛል። የእንግሊዝኛው ድምፅ «ክሬዲት» በመጀመሪያው መጠቀሻ ላይ አንድ ጊዜ አብሮ ቢጻፍ፣ አንባቢው ቅጹ ላይ እንዲያገኘው ይረዳዋል።

ማካካሻዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንዱ ግብሩን ዜሮ እስኪያደርስ ይታሰባል፤ የተረፈው ይቀራል። ሌላው ግብሩን ጨርሶ የተረፈው በእጅ ይሰጣል። በመረመርናቸው ጽሑፎች ይህ ልዩነት ጨርሶ የለም። «ከግብሩ የማያልፍ ማካካሻ» እና «ትርፉ ተመላሽ የሚሆን ማካካሻ» ብለን ብንለያቸው «ተመላሽ» ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል። የሁለተኛው ወገን ዋና ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1975 የተደነገገው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚታሰበው ማካካሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ገቢ ላይ ከፍተኛው መጠን ልጅ ለሌለው 632፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ላሉት 7,830 ዶላር ነበር። የልጅ ማካካሻ የሚባለው በዚያው ዓመት በአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግብሩን አልፎ በእጅ ሊደርስ የሚችለው እስከ 1,700 ዶላር ነበር። ገቢው አነስተኛ ስለሆነ የማሳወቅ ግዴታ የሌለበት ሰው እንኳ ካላሳወቀ ይህን አያገኝም። ያመለጠውንም በጥቅሉ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ይቀራል። «ከግብር ነጻ ነዎት» ብሎ የሚያቆም ትርጉም እንግዲህ እውነት ተናግሮ ጉዳት ያደርሳል።

አራተኛ፣ ስለ ቤተሰብ የተሰጡት ስያሜዎች ናቸው። «ዲፔንደንት» የሚለው «ጥገኛ» ተብሏል። ጥገኛ ስድብ ነው፤ ተባይንም ይጠራል። እናቱን በቅጽ ላይ «ጥገኛዬ» ብሎ ሊያስጽፍ የሚወድ ልጅ የለም። «ተጧሪ» የሚለው ክብር አለው፤ ለሕፃን ግን አይሆንም። ሁለቱንም የሚያቅፍ «በሥሩ የሚተዳደር» የሚለው ይሻላል። ይሁን እንጂ ቃሉ ቢያምርም ፍቺ ካልተከተለው አደጋ አለው። ጎንደር ላሉት እናቱ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው «እናቴ በሥሬ ይተዳደራሉ» ቢል አማርኛው ትክክል ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን በሥር የሚተዳደረው ሰው የዚያው አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ እንዲሆን ያዝዛል። ስያሜ የሚሰጥ ሰው የቃሉን ወሰን አብሮ ካልሰጠ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ከዚህ የባሰው «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። በባህላችን ግን ሚስትና ልጆች ያሉት አባወራ ሁሉ የቤተሰብ ኃላፊ ነውና ያለ ማመንታት በዚህ ክፍል ላይ ምልክት ያደርጋል። ሕጉ በዚህ ስም የሚጠራው ያላገባን ወይም እንዳላገባ የሚቈጠርን፣ ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላዩን የሚሸፍንና ሕጉ የተቀበለውን ሰው በሥሩ የሚያስተዳድርን ነው። ከሚስቱ ጋር የሚኖረው አባወራ ስለዚህ የተሳሳተ ማሳወቂያ ፈርሟል። «ብቻውን ቤት የሚያስተዳድር» ቢባል ረዘም ይላል፤ ነገር ግን አያሳስትም። በስያሜ ሥራ እጥረት የሚመሰገነው ግልጽነትን ካላጠፋ ነው።

አምስተኛ፣ የወር ስም ነው። «ኤፕሪል 15» በአንድ ጽሑፍ «ሚያዝያ 15» ተብሏል። ሚያዝያ 15 በእኛ አቈጣጠር ኤፕሪል 23 ነው፤ ተርጓሚው የቀነ ገደቡን በ8 ቀን አሳልፎታል። ወይ «ኤፕሪል 15» ይባል፣ ወይ ተሰልቶ «ሚያዝያ 7» ይጻፍ፤ የአንዱን ወር ከሌላው ቀን ጋር ማጋባት አይቻልም። እንዲሁም እስከ ኦክቶበር 15 የሚሰጠው ጊዜ «የክፍያ ማራዘሚያ» ተብሎ ተተርጉሟል። የሚራዘመው ማሳወቂያው ብቻ ነው፤ ክፍያው በኤፕሪል ቀኑ ይፈለጋል። ስለዚህ «የማሳወቂያ ጊዜ ማራዘሚያ» ይባል።

በመጨረሻም የቃና ጉዳይ አለ። ጽሑፎቹ ማካካሻ ለማግኘት «ያመልክቱ» ይላሉ። ማመልከት በአማርኛ ደጅ መጥናትን ያሰማል፤ ፈቃዱ የሰሚው ነው። ሁኔታውን ላሟላ ሰው ግን ማካካሻው በሕግ የተወሰነለት ነው። «ይገባኛል ብሎ መጠየቅ» የሚለው የቈየ አነጋገራችን ይህን መብት በትክክል ይሸከመዋል፤ «የሚገባዎትን ማካካሻ ይጠይቁ» ማለት ይበቃል።

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለውሳኔ የቀረቡ አይደሉም። በተለይ «ማካካሻ» በሚለው ላይ የሕግና የሒሳብ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በየዓመቱ እነዚህን ቅጾች ከወገኖቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚሞሉ ተርጓሚዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን ለሥራችን ታላቅ እገዛ ይሆናል። እስከዚያው ግን ተርጓሚዎችን አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ የተረጐማችሁትን ከማሳተማችሁ በፊት እንግሊዝኛ ለማያውቅ አንድ ሰው አንብቡለትና ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። መልሱ ትክክል ከሆነ ስያሜው ትክክል ነው።